የግራ ፍሬቻ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ካፊያ ሲያሯሩጠኝ አንድ የባጃጅ መጠገኛ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ጠጋኙ የገመድ ጫፍ በላይተር ለብልቦ ፕላስቲኩን በጥርሱ ገፈፈው። ከጎኑ የበግ ቆዳ የሚረከቡበት ቤት አለ፤ በሩ ክፍት ነበር። የተቃጠለ ፕላስቲክና የበግ ላት አንድ ላይ ሆነው መጡብኝ። ዝናቡ እስኪያባራ አልጠበቅኩም።

ያ ሽታ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ ወንድሜ ሀብታሙ ከወገቡ በታች መንቀሳቀስ ያቆመበት፣ አባዬ ደግሞ ሳሎናችን ውስጥ ከሞተርሳይክል ጎን ያልተነሳበት ክረምት። ግጥም ላደርገው ሞክሬ አውቃለሁ። ቤት ሲመታልኝ አፍሬ ቀደድኩት።

አባዬ የቆዳ ነጋዴ ነበር። ከአንኮበር በኩል ካሉ ገጠሮች የበግ ቆዳ እየሰበሰበ ደብረ ብርሃን ላይ ያስረክባል። በአህያ የጀመረውን ሥራ በኋላ በአሮጌ ሞተር ቀጠለው፤ ጉልበቱን ሲያመው ደግሞ ሞተሩን ለሀብታሙ ለቀቀለት። ሞተሩ የሚያድረው ሳሎን ውስጥ ነው፣ ከሶፋው ፊት ለፊት፣ እንደ እንግዳ። እማዬ በሰላሙ ጊዜ፣ "በል እንጂ፣ ለሱም እራት አቅርቢለት በለኛ!" እያለች ትነዘንዘው ነበር።

የአባዬ መድኃኒት ለሁሉም ነገር ላት ነበር። ከበግ ጭራ የሚወጣውን ያን ስብ በወተት ዱቄት ጣሳ አቅልጦ ያስቀምጠዋል። ጫማውን፣ የአህያውን ጠፍር፣ የበሩን ማጠፊያ፣ ብርድ የሰነጠቀውን የእጃችንን ጀርባ ሳይቀር ይቀባበታል። "ላት የነካውን ውሃ አይደፍረውም" ይላል። ክረምት ሊገባ ሲል የሞተሩን መቀመጫ ያነሳና ከስሩ ያሉትን ገመዶች፣ በተለይ የተቀጠሉበትን ቦታ፣ በጣቱ አንድ በአንድ ይቀባቸዋል። የአንኮበር ጉም ገመድ ውስጥ ገብቶ እንዳያዝገው ነው። እኔ ጣሳውን እይዝለታለሁ። ገመዶቹ ሲያብረቀርቁ ደስ ይሉ ነበር።

በሐምሌ አምስት የሐዋርያት ጾም ይፈታል፤ በየቤቱ በግ ይታረዳል። በማግስቱ ቆዳው በዝናብ ሳይበላሽ መሰብሰብ አለበት። ሀብታሙ በማለዳ ወጣ። ጎረቤላ ሊደርስ ሲል ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፎ አንድ መንደር ሊገባ ነበር። ከኋላው የነበረ የጭነት መኪና ሊቀድመው በግራ ወጥቶ ኖሮ መታው። ጉም ነበር።

ከሆስፒታል ሲመለስ በአልጋ አንሶላ አራት ሰው ተሸክሞ አስገባው። እማዬ ለጎረቤት ስትናገር እሰማለሁ። "ሐኪሙ፣ ጀርባው ውስጥ እንደ መብራት ገመድ ያለ ነገር አለ አለን። እሱ ነው የተጎዳው። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ወደ እግሩ አይደርስም።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አዲስ አበባ ወስዶ ማሳከም ነው። በምን አቅም?" ትላለች።

እኔ ገመዱን ብቻ ያዝኩ። ስለዚህ ሞተሩ ከፖሊስ ግቢ በጭነት ተመልሶ መጥቶ፣ አባዬ ካቻቢቴና ፒንሳውን ዘርግቶ ከጎኑ ሲቀመጥ ምንም አልገረመኝም። በሞተሩ እየተለማመደ መስሎኝ ነበር። በሞተሩ ሲዋጣለት የሀብቴን ጀርባ ይከፍታል።

ሀብቴ ግድግዳው ማዶ ባለችው ክፍል ተኝቶ ቀልዱን አልተወም።

"አስኒ፣ ነይ እግሬን ቆንጥጪኝ። ካመመኝ ከረሜላ እገዛልሻለሁ።"

እቆነጥጠዋለሁ።

"ምነው ቁርስ አልበላሽም እንዴ? በደንብ እንጂ!"

ጥፍሬ እስኪነጣ እቆነጥጠዋለሁ። ጣሪያውን እያየ ይስቃል። ከረሜላዋን ላለመግዛት እያጭበረበረኝ ነው ብዬ አኮረፍኩት። ሌላም ነገር አይቼበት ነበር። ብቻውን ሲሆን የግራ እጁ አውራ ጣት በብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን ትገፋለች፣ ትመለሳለች፣ ደግሞ ትገፋለች። ቁንጫ እየገደለ መስሎኝ ብርድ ልብሱን ገልብጬ ፈለግሁ። አንድም አላገኘሁም።

የአባዬን ሥራ ትክክለኛ ምክንያት የሰማሁት ፍልሰታ ከገባ በኋላ ነው። የጭነት መኪናው ሹፌር የአልዩ አምባ ሰው ነበር፤ ኑሩ ይባላል። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ ቢሆንም የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ገብተውበታል። ኑሩ፣ "ልጁ ፍሬቻ አላሳየም፣ ድንገት ታጠፈብኝ" ይላል። ሀብቴ፣ "አሳይቻለሁ" ይላል። ሽማግሌዎቹም ጾሙ ሲፈታ እቤታችን መጥተው ሞተሩን በዓይናቸው አይተው ሊፈርዱ ተስማሙ። ፍሬቻው የሚሠራ ከሆነ ጥፋቱ የሹፌሩ ነው፤ የመኪናው ባለቤት ሀብቴን አዲስ አበባ ያሳክማል። የማይሠራ ከሆነ ግን ሳያሳይ የታጠፈው የኛ ልጅ ነው፤ ሁሉም ነገር እዚያው አልጋ ላይ ይቀራል።

የኔ ሥራ ከሞተሩ ኋላ ቆሞ መጮህ ነበር። አባዬ መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ወደ ግራ ይገፋል። እኔ "በራ" ወይም "አልበራም" እላለሁ።

"አልበራም!"

የፊቱ የግራ መብራት በግጭቱ ደቅቆ ስለነበር አዲስ ገዝቶ ገጠመለት። የኋላው አልተሰበረም፤ ብርቱካናማ ክዳኑ ላይ ጭረት እንኳ የለም። እንደገና ገፋ።

"የፊቱ በራ! የኋላው አልበራም!"

ጠቅጠቅጠቅጠቅ ይላል ሞተሩ። አባዬ ጆሮውን አዘነበለ። "ሰማሽው ሲቸኩል? ደህና ሲሆን ጠቅ… ጠቅ… እያለ ነው የሚሄደው። ሲቸኩል አንዱ አልበራም ማለት ነው። አንዱ ሲሞት ሌላው ይቸኩላል።"

የፊቱ ሲበራ እኔ ሮጬ ሀብቴ ጋ ገባሁና እግሩን ገልጬ አየሁ። ግማሹ ከተሠራ አንደኛው እግር መንቀሳቀስ ነበረበት።

"ምን ፈለግሽ?" አለኝ።

"ምንም። የትኛው እግርህ ነው ግራ?"

"ያኛው ሰነፍ" አለኝና ሳቀ።

አባዬ ሁለት ሽቦ ያሰረባት ትንሽ አምፖል ነበረችው። አንዱን ሽቦ የሞተሩ ብረት ላይ ያሳርፋል፤ ማሳ ይለዋል፣ መብራቱ ዞሮ የሚመለስበት ነው። በሌላው ሽቦ ገመዶቹን እየወጋ ይሄዳል። አምፖሏ ከበራች እስከዚያ ድረስ መብራት አለ። ከመሪው ጀመረ። በራች። በነዳጅ ጋኑ ስር በራች። መቀመጫው ጋ ሲደርስ ጠፋች። ቀናት ፈጅቶበታል፤ አንዳንዴ ሽቦውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ አፍጥጦ ይቀር ነበርና። እማዬ በላዩ ላይ እየተራመደች ታልፋለች። ከውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠዋል። ቤቱ ቤንዚን፣ እርጥብ ሱፍና ያ ላት ይሸታል።

መቀመጫውን ሲያነሳ አብሬው ነበርኩ። የባትሪ መብራት ይዤለታለሁ። ወደ ኋላው የግራ ፍሬቻ የሚሄደው ገመድ ከሌሎቹ መሀል ተለይቶ ተበጥሷል። አባዬ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። "ግጭቱ ነው የበጠሰው! አየሽ፣ ግጭቱ ነው!" አለ። ከዚያ ጫፉን ወደ ዓይኑ አቀረበው። በጉተታ የተበጠሰ ገመድ ይመዘዛል፣ ይቀጥናል። ይሄኛው ጥርስ ጥርስ ነበር። ፕላስቲኩ እንደ በቆሎ እሸት ተግጧል፤ መዳቡ ተቆርጧል። ዙሪያውን ላት አለ፤ ላቱ ላይ ደግሞ ጥቁር አዝሙድ የመሰለ የአይጥ ኩስ።

አባዬ ጣቱን አሸተተው። ለረጅም ጊዜ አሸተተው።

"አይጥ ናት?" አልኩት።

"አይጥ ናት።"

"ለምን ገመድ ትበላለች?"

ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። ቆዳ ላይ ላት ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ ቆዳን ጠብቆለታል። ገመድ ላይ ሲቀባ ለአይጥ ምግብ እያቀረበላት እንደሆነ አላሰበም። ለራሱ እንደሚያወራ፣ "እዚህ ከመጣ በኋላ ነው። ካልሆነም ፖሊስ ግቢ ስንት ጊዜ ቆሟል። እዚያ ነው የበላችው። ከአደጋው በኋላ ነው" አለ። "አይደለም?" ብሎ ወደኔ ዞረ።

"አዎ" አልኩ። ምን እንደጠየቀኝ አላውቅም።

ገመዱን ገፎ ቀጠለው፣ በላይተር ለበለበው፣ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለው። ቁልፏን ገፋ። የኋላው የግራ ፍሬቻ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ጠቅ… ጠቅ…

"በራ! አባዬ በራ!" አልኩ እየዘለልኩ። "አሁን የሀብቴን መቼ ነው የምትቀጥልለት?"

አባዬ ካቻቢቴውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እንደ ብርጭቆ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው።

ጩኸቴን ሀብቴ ሰምቶ ኖሮ ተጣራ። ገባን። ፊቱ በርቷል።

"ሠራ አይደል? እኔ ምን አልኩ! አሳይቻለሁ እኮ አባዬ። ገና ከሩቁ ነው የገፋሁት። መሪው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል አይቻለሁ፣ ድምፁንም ሰምቻለሁ። እንደውም የዚያን ቀን በጣም ይፈጥን ነበር፤ ብርዱ ነው እንዴ ብዬ ገርሞኛል።" አውራ ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ እየገፋ አሳየው። "ጠቅጠቅጠቅጠቅ። እንዲህ!"

አባዬ የበሩን መቃን ያዘ።

"ይፈጥን ነበር?"

"በጣም።"

"እርግጠኛ ነህ ልጄ?"

"ጆሮዬ እኮ ነው አባዬ። ጆሮዬስ አልተጎዳ።"

አባዬ ወጥቶ ጓሮ ሄደ። የላቱን ጣሳ ይዞ ነበር የወጣው፤ ባዶ እጁን ተመለሰ።

በማግስቱ እማዬ ምስር ስትለቅም፣ እሱ ከፊቷ ዱካ ላይ ተቀምጦ አወሩ። እኔ መደቡ ላይ ነበርኩ፤ ከምስሩ ጠጠሩን እየለየሁ።

"ቀጥለው" አለችው እማዬ።

"ቀጥዬዋለሁ።"

"እንግዲያው ዝም በል። አይጥ ሽማግሌ ፊት ቀርባ አትመሰክር።"

"ሹፌሩስ?"

"ሹፌሩ በሁለት እግሩ ቆሟል።" ሰፌዱን አራገበች። "ደምሴ፣ ስማኝ። ልጃችን ገና ምንም አላየም። አንተ ዝም ብትል የሚድን ከሆነ ምላስህን ቆርጠህ ጣልልኝ።"

አባዬ ምላሱን ቆርጦ የጣለ መሰለ። 

ጾሙ ተፈትቶ እሑድ ሲደርስ ዝናቡ ረፍት ሰጠ። ሽማግሌዎቹ ግቢያችን ውስጥ፣ በረንዳው ስር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ከኛ በኩል ጋሽ ተክሌ፣ የአባዬ የቆዳ ገበያ ባልንጀራ ናቸው። ከሹፌሩ በኩል ሼህ ሙሄ፣ ከአልዩ አምባ አብረውት የመጡ። ኑሩ ትልቅ ሰው ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አንገቱ ቀጭን፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የሚያሽ ልጅ እግር ነው። የሀብቴ መስኮት በብርዱ ምክንያት ተዘግቶ በጨርቅ ተወትፏል።

አባዬ የተጣመመውን ሞተር እየገፋ አወጣው። ጎማው በየዙሩ ያለቅሳል።

"አስኒ፣ ከኋላ ቁሚ።"

ቆምኩ። ቁልፏን ገፋ።

"በራ!"

ሽማግሌዎቹ ተነስተው መጡ። ጋሽ ተክሌ ጎንበስ ብለው አዩና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሼህ ሙሄ፣ "ሱብሃነላህ" አሉ። "ኑሩ፣ ና ተመልከት እንግዲህ።"

ኑሩ መጣ። ብርቱካናማው ብርሃን ፊቱ ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል።

"ወላሂ አላየሁም ነበር" አለ። ድምፁ ቀጠነ። "ጉም ነበር፤ ግን የሞተሩን ቀይ መብራት አይቼዋለሁ። ይሄ ቢበራ ኖሮ… በርቷል በቃ። እናንተ ያያችሁት ነው እውነቱ። ዓይኔ ነው የበደለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ ስይዝ ዓይኔን አላምነውም፤ ያለውን አይቶ ይሆን፣ የሌለውን ይሆን እላለሁ። እሺ። ያላችሁትን እቀበላለሁ። መንዳትም በቃኝ።"

"አይ ያላህ" አሉ ሼህ ሙሄ ቀስ ብለው።

እማዬ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። አባዬን ብቻ ነው የምታየው። አባዬ ደግሞ ኑሩን ያየዋል። ጠቅ… ጠቅ… ይላል ሞተሩ።

አባዬ ቁልፏን መለሳት። ጨለመ።

"ዓይንህ ደህና ነው" አለው።

"ደምሴ!" አለች እማዬ።

መቀመጫውን አነሳ። ናስትሮውን በጥፍሩ ያዘና እየጠቀለለ ላጠው፤ ገመዱን ጎትቶ አላቀቀው። "ይቺን የቀጠልኳት እኔ ነኝ፣ በዚህ ሰሞን። አይጥ በልታው ነበር። ላቱን የቀባሁት ደግሞ እኔ ነኝ።"

ጋሽ ተክሌ ክንዱን ያዙት። ዓይናቸውን አጥብበው፣ "አይጧ መቼ እንደበላችው በምን አወቅክ? ከአደጋው በኋላ ቢሆንስ? ቀስ ብለህ አስብ እንጂ ሰውዬ" አሉት። መውጫ በር እየከፈቱለት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል።

"ልጄ ጠቅታው ሲፈጥን ሰምቶታል። የኋላው ሲጠፋ ነው የሚፈጥነው። እሱ አሳይቷል፤ ይሄ ልጅ ደግሞ አላየም። ሁለቱም አልዋሹም።" አባዬ የገመዱን ጫፍ እንደያዘ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ለሀብቴ ጉሙ ነው በሉልኝ።"

እማዬ ወደ ቤት ገባች። በሩን አልዘጋችውም፤ ብትዘጋው ይሻል ነበር። ኑሩ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔ ከሞተሩ ኋላ እንደቆምኩ ነኝ፤ ሂጂ ያለኝ የለም።

ሽማግሌዎቹ ሀብቴ ጋ ገቡ። ጋሽ ተክሌ ግንባሩን ዳሰሱት። "ልጄ፣ ጉሙ ነው የበደላችሁ። አንተም ንጹህ፣ እሱም ንጹህ።"

"አላልኳችሁም!" አለ ሀብቴ። "አሳይቻለሁ እኮ!" አዲስ አበባ ይሄድ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም። ለብዙ ቀን ይሄንኑ እየደጋገመ ደስ ብሎት ሰነበተ። ደስታው የቤታችንን ግድግዳ አልፎ ሲመጣ አባዬ ይነሳና ይወጣል። እማዬ ምግብ ስታቀርብለት ፊቷን ታዞራለች። የተላጠው ናስትሮ ግቢው ውስጥ ወድቆ ጭቃ ዋጠው።

ጳጉሜ ሲገባ እማዬ ሀብቴን ጠበል ካልወሰድነው አለች። ሌላ የቀረ ቦታ አልነበረም። ጠበሉ በአንኮበር መንገድ ነው። እንዴት እንደሰማ አላውቅም፣ መንዳት በቃኝ ብሎ የነበረው ኑሩ መኪናውን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። እማዬ ልትመልሰው ነበር። እሱ ቀና ብሎ ሳያያት፣ "እናቴ፣ ልጁን አውቶቡስ ላይ ማን ይሸከምላችኋል?" አላት።

ፍራሹን ጭነቱ የሚጫንበት ላይ አነጠፍንለት። ከቆላ ያመጣው ሽንኩርት ሽታ አልለቀቀም ነበር። ሀብቴ በጀርባው ተኝቷል፣ አባዬ ከራስጌው፣ እማዬ ከግርጌው፣ እኔ ከጎኑ። ሰማዩን እያየ፣ "እንደ ቆዳ ጫናችሁኝ" ብሎ ቀለደ። የሳቀ የለም።

ጎረቤላ ሳንደርስ ጉሙ መጣ። መጀመሪያ ማዶ ያለው ገደል ጠፋ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ የመኪናው ጫፍ። ኑሩ እንደ ቀብር መኪና ቀስ ብሎ ይነዳል። ወደ ጠበሉ መታጠፊያው በግራ ነው። ከመታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለን ፍሬቻውን አበራ። ከኋላችን መኪና የለም፣ እግረኛ እንኳ የለም። ግን አበራ። በግራ በኩል ያለው ጉም ሁሉ ብርቱካናማ ሆነ። ጠፋ። ቆይቶ ደግሞ ብርቱካናማ ሆነ።

የሀብቴን እጅ አየሁ። አውራ ጣቱ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ላይ ወደ ግራ እየገፋች ነው፣ እንደ ድሮው፣ በጥድፊያ። ጉሙ ይበራል፤ ጣቱ ግን ጉሙ አንዴ እስኪጠፋ ደጋግማ ትገፋለች። ሀብቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ብርሃኑን ተመለከተው። ብዙ ጊዜ ተመለከተው። ጣቱ ቆመች።

"ይሄ ቀስ ይላል" አለ።

እማዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

"አባዬ፣ የኔ ለምን ነበር የሚፈጥነው?"

አባዬ ጋቢውን ከራሱ ላይ አውልቆ ዘረጋና እስከ ሀብቴ አገጭ ድረስ ሳበለት። ከዚያ የግራ እጁን ፈልጎ አገኛትና፣ አውራ ጣቷን በመዳፉ ሸፈናት።